ስናር በወረሰው ማሳ ላይ ጎመን ዘር

ስናርና ስንዴ በቡቃያነታቸው አይለዩም። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ቀጭን፣ ነፋስ ሲመጣም እኩል ጎንበስ ይላሉ። ስናር ማንነቱ የሚታወቀው ዛላውን ሲዘረጋ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ልንቀልህ ቢሉት የስንዴውን ሥር ይዞ ይወጣል፤ ቢተዉት ስንዴው ሳይደርስ ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ለከርሞ ይጠብቃል። ባሌ ሲሞት የተወልኝ ማሳ እንዲህ ስናር የወረሰው ማሳ ነበር።

ማሳው ከዴራ ወደ ኢተያ የሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ዳገቱ ላይ ነው። አሁን ገበሬ ነበርኩ ብል የሚያምነኝ የለም። አንድ ሰሞን አዳማ ወንዱ ልጄ ዘንድ ነኝ፣ ሌላ ሰሞን ሴቷ ልጄ ዘንድ መቂ ወርጄ ሽንኩርት ሲጫን እያየሁ እውላለሁ፤ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ገበሬ ሆኜም አልተወለድኩም። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ ከወሎ ወርዶ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ጨውና በርበሬ የሚቸረችር ሰው ነበር። ለደጋ ገበሬ ሲድረኝ፣ «ጠግበሽ ትበያለሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃም ትጠጫለሽ» አለኝ። ቀዝቃዛው ውሃ እውነት ነበር።

ባሌ ደግ ሰው ነበር። ቆላ ወርዶ ጥጥ ለቀማ ሲሠራ ወባ ይዞት መጣና በዚያው ሞተ። ልጆቼንና አማቴን ይዤ እዚያ ዳገት ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ ዓይኗ እየደከመ ነበር፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። ገበሬ ማህበሩ ማሳውን በስሜ አዞረልኝ፤ ለዚያስ ደርግን ሳላመሰግን አልቀርም፣ ድሮ ቢሆን ለሴት ማን ይሰጣል። ነገር ግን የሰጠ መንሳትም ይችላል። አዲስ ያገቡ ጎረምሶች መሬት የለንም እያሉ በየስብሰባው ይጮሃሉ፣ ማህበሩም ሽግሽግ አደርጋለሁ ይላል። ሽግሽግ ማለት የማያለማውን ሰው መሬት ወስዶ ለሚያለማ መስጠት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ በበሬው አርሶ ስንዴ ዘራልኝ። የሚያርም ሰው ግን ከየት ይምጣ? ወንዶቹ ግማሹ ግንባር ሄዷል፣ ግማሹ ስብሰባ ነው። እኔ ብቻዬን ጎንበስ ቀና ብል ስናሩ ስንዴውን ዋጠው። አንድ ቀን የማህበሩ ሊቀመንበር መጣና ድንበሩ ላይ ቆመ። ረዥም ሰው ነው፣ በጋም ክረምትም ያንኑ ካኪ ኮት ይለብሳል።

«ይሄ ስንዴ ነው ስናር?» አለኝ።

«ሁለቱም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እኔ የሚታየኝ ስናር ነው። ስናርሽ ደግሞ የሰው ማሳ ድረስ ይሻገራል። ለከርሞ ከመስቀል በኋላ ኮሚቴው ማሳ እየዞረ ያያል። እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ለሚያርስ እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። እንዳትቀየሚኝ ያለበት ድምፅ ግን ከቁጣ የከፋ ነው፤ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነው። መሬቱን ከወሰደው የሚቀረኝ ልጆቼን ይዤ ወደ አባቴ አንድ ክፍል ቤት መመለስ ነበር። አማቴ ደግሞ፣ «እኔ ከዚህ ዳገት የምወርደው በቃሬዛ ነው» ብላ ጨርሳለች።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የማህበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ያኔ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ሳለሁ ሊቀመንበሩ ተነሣና፣ «መንገድ ዳር ያለው ማሳ ሁሉ ዘንድሮ ስንዴ ይዘራል። የአረም መድኃኒት መጥቷል። ከእንግዲህ ጎንበስ ብሎ አረም መንቀል ቀርቷል» አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። የሴቶቹ ጭብጨባ የባሰ ነበር፤ ጎንበስ የምንለው እኛ ነና።

ከዚያ የልማት ሠራተኛው ተነሣ። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ነው፣ እሱም የናዝሬት ልጅ። መጠጥ አይቀምስም፣ አይምልም፤ ጴንጤ ነው እያሉ በሹክሹክታ ያሙት ነበር። ፓምፑን ጀርባው ላይ አዝሎ እንዴት እንደሚረጭ አሳየና፣ «ይሄ መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ ቀጭን ቅጠል ያለውን አይነካም። ስንዴው ቀጭን ስለሆነ ይተርፋል» አለ።

እጄን አወጣሁ። «ስናርስ?»

ወጣቱ የፓምፑን ማንገቻ እያላላ፣ «ስናር ቀጭን ነው» አለ። «አይነካውም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ስናር የስንዴ አክስት ልጅ ነው፣ እንዴት ይግደለው!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ፣ «ጥያቄ በመጨረሻ!» ብሎ ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። የሰው ማሳ ይጸዳል፣ የኔ ስናር እንደ ቆመ ይቀራል፤ ኮሚቴው ሲመጣ ከሩቅ ነው የሚያየው።

ስብሰባው ሲበተን ወጣቱን ሞተሩ ጋ አገኘሁት።

«እርስዎ ነዎት ስለ ስናር የጠየቁት?» አለኝ። ያኔ ሠላሳ ዓመትም አልሞላኝም፤ እርስዎ ሲለኝ ዞር ብዬ ማንን ነው ብዬ አየሁ።

«እኔ ነኝ። ማሳዬ ስናር ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?»

«ስናሩን መለየት ከፈለጉ ስናር የማይመስል ነገር ይዝሩ። ሰፊ ቅጠል። ባቄላ ወይም ጎመን ዘር። በመሃሉ ቀጭን ሆኖ የበቀለው ሁሉ ስናር ነው፤ ሕፃን ልጅም ይለየዋል።»

እንዴት ቀላል ነገር! እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። ባቄላ ለአንድ ማሳ ብዙ ዘር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ባቄላ ቢኖረኝ እበላዋለሁ። ጎመን ዘር ግን ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ጥቂት እፍኝ ከበተኑት ማሳ ይሸፍናል።

«ታዲያ መድኃኒቱን በርስዎ ማሳ ማስረጨት አይቻልም» አለኝ። «ጎመን ዘር ሰፊ ቅጠል ነው፣ ከአረሙ አስቀድሞ እሱን ነው የሚገድለው። በእጅ ማረም አለብዎት። እጅ አለዎት?»

«ሁለት» አልኩት።

ሊቀመንበሩ እንዴት እሺ እንዳለ እስካሁን አላውቅም። ወጣቱ ሄዶ አነጋገረው። ሊቀመንበሩም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተዋት፣ ጎመኗን ትብላ! ከመስቀል በኋላ ግን ጎመን ብቻ ነው ማየት የምፈልገው» አለ።

በሳምንቱ ወጣቱ በሁለት ጣሳ ሁለት ዓይነት ዘር ይዞልኝ መጣ። አንዱ የአገሩ ዘር ነው፤ ቁመቱ ሰው ይውጣል፣ ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ሌላው ከምርምር የመጣ ነው፤ አጠር ያለ፣ ቶሎ አብቦ ቶሎ የሚያፈራ፣ ቅጠሉ ግን እምብዛም።

«ለፍሬው ከሆነ አጭሩን ይውሰዱ» አለኝ። «ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ረዥሙ ፍሬው ሳይሞላ ይቀርብዎታል።»

ሁለቱን ዘር በሁለት መዳፌ ይዤ ቆምኩ። አማቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ «ምን ታስቢያለሽ? ልጁ ነገረሽ እኮ!» ትላለች። እኔ ግን የማስበው ነሐሴን ነበር። በዚያ አገር ነሐሴ የጨለማ ወር ነው። ጎተራው ባዶ ይሆናል፣ እሸቱ ገና ነው። ጎመን ዘር የዘራ ሰው ማሳ ላይ ታዲያ ሴቶች እየገቡ ቅጠል ይቀነጥሳሉ፤ ማንም ማንንም አይከለክልም፣ አስፈቅዱኝ የሚልም የለም። እንዲያውም ሲቀነጠስ ይሳሳል፣ የቀረው ይፋፋል። ሴት ደግሞ ቅጠል ልትቀነጥስ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ቤቷ የታሰረች ላም አለች፣ ላሚቱም ሣር ትፈልጋለች። ስናር ከሣርም ሣር ነው።

ይህንኑ ነገርኩት። ወጣቱ አዳመጠኝና፣ «እንግዲያው እርስዎ የሚፈልጉት ፍሬ አይደለም፣ እጅ ነው» አለ። «ረዥሙን ይውሰዱ። ብዙ ቅጠል፣ ብዙ እጅ። ዝናቡን ግን እግዚአብሔር ይያዝልዎት።» አጭሩን ዘር ማህበሩ ጓሮ በሰርቶ ማሳያው ላይ ዘራው። መቼም እውነቱን ልናገር፣ ዝናቡ ያን ዓመት ቶሎ ወጣ፤ የሱ አጭር ጎመን ዘር ፍሬው ከኔው ይበልጥ ነበር። እንዳለው ሆነ። እኔ ግን አልቆጨኝም።

ጎመን ዘሩ በሐምሌ ዝናብ እንዴት እንደበቀለ! ስናሩም አብሮ በቀለ፣ ግን አሁን መደበቂያ የለውም፤ በዚያ ሰፊ ቅጠል መሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። ነሐሴ ሲገባ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ ፊት የምትመጣው የጎረቤቴ አሮጊት፣ የአርሲ ሴት፣ እኔ አዴ እያልኩ የምጠራት ናት። በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። ሴቶቹን ስናር ንቀሉልኝ ለማለት እኔ አፍሬ ነበር፤ አዴ ግን ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አንዷ መሶቧን ቅጠል ሞልታ ልትሄድ ስትል ከኋላ ትጠራታለች።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! ያንቺ ላም ጾም ይዛለች?»

«የለም አዴ፣ ምን ሆንሽ?»

«እጅሽን አይቼ ነዋ። አንዱ እጅሽ ጎመን ይዟል፣ ሌላው እጅሽ ምን ሆኖ ነው ባዶውን የሚሄደው?»

ሴትዮዋ እየሳቀች ተመልሳ አንድ እቅፍ ስናር ትነቅላለች። እንዲህ እንዲህ እያልን የታችኛው ማሳ ጠዳ። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ስንዴው ውስጥ ፓምፕ ሲዞር ያያል፣ የኔ ማሳ ውስጥ ደግሞ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ሲሳሳቁ። ዋርሳዬ ነበር የማህበሩ ፓምፕ ያዥ። ነፋስ መድኃኒቱን ወደ ጎመኑ እንዳይወስደው በኔ ድንበር በኩል ያለውን ስንዴ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ነበር የሚረጭልኝ። ደግ ልጅ ነው። ችግሩ ደግነቱ ትእዛዝ አይጠብቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጥቂት ቀን ጠፋና የላይኛው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ወጣ። ያ የጎመን ቅማል፣ ቅጠሉ ሥር ተጣብቆ የሚመጥጠው። እኔ አመድ እበትንበታለሁ ብዬ እያሰብኩ ዴራ ገበያ ወረድኩ። ስመለስ ዋርሳዬ ፓምፑን አዝሎ፣ ፊቱ በርቶ፣ ደጃፌ ላይ ቆሟል።

«እትዬ! ክሽክሹን በሳሙና አጠብኩልሽ!»

«በየትኛው ሳሙና?»

«ቤት ባለው።»

ልጆቼ፣ ሳሙና ያኔ እንዲህ እንዳሁኑ አይደለም። ከማህበሩ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ፣ በክር የሚቆረጥ ነገር ነው። ያንን ሳሙና ቀልጦ ጎመን ላይ ስላየሁት ራሴን ይዤ ጮህኩ። አማቴ ከውስጥ፣ «የኔን ነጠላ ማጠቢያ ነበር!» ትላለች። እሱ እየሳቀ፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ሙሉውን እንዳልረጭ ሳሙናው አለቀብኝ፣ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ነው» አለ። ያን ቀን ያስከፋኝ ሳሙናው ብቻ ነበር።

ክሽክሹ ሞተ፤ ያስ እውነት ነው። ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ የላይኛው ጫፍ ጎመን መጠማዘዝ ጀመረ። ግንዱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጣመመ፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ወጣቱ በሞተሩ ሲያልፍ ጠራሁት። ቅጠሉን አገላብጦ አየና፣ «እዚህ ምን ተረጨ?» አለ።

«ሳሙና» አለ ዋርሳዬ።

«በየትኛው ፓምፕ?»

«በማህበሩ ነዋ።»

«የአረም መድኃኒቱ ከነበረበት በኋላ ፓምፑን አጥበኸዋል?»

ዋርሳዬ ግራ ገብቶት አየው። «ሳሙና እኮ ነው የጨመርኩበት!» አለ። «ሳሙና ራሱ ያጥበው የለ?»

ወጣቱ ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዋርሳዬ ነው ያልሳቀው፤ ነገሩ ገብቶት ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ መሬትሽን አስወሰድኩብሽ» አለኝ። እኔ ሳሙናው ባለቀበት ቦታ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጎመን ቀጥ ብሎ፣ ሰፍቶ ቆሟል። አልሐምዱሊላህ፣ ያቺ ሳሙና ትንሽ ነበረች። ሙሉ ብትሆን ኖሮ ማሳው ሁሉ ተጠቅልሎ ነበር።

ወጣቱ የተጠማዘዘውን ሁሉ ነቅለን እንድንቀብር፣ ለከብትም እንዳንሰጥ አዘዘን። ቅጠሉን የወሰደ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልወሰደም፤ ክሽክሽ የያዘውን ጎመን ማን ይቀነጥሳል? ከዚያ ወዲህ ያለው ጤነኛ ነው አለን። አልፎም ያን ለት እኔ ቤት ተቀምጦ ከታችኛው ማሳ የቀነጠስኩትን ጎመን በቂጣ አብሮን በላ።

ወሬው ግን ከሱ ሞተር ፈጥኖ ሄደ። «የሷ ጎመን መድኃኒት ጠጥቷል» ተባለ። በማግስቱ ማሳዬ ላይ አንዲት ሴት የለችም። በሚቀጥለውም ቀን የለችም። በመንገድ የሚያልፉት ራሱ በዚያኛው ዳር ነው የሚያልፉት። እንዲያው ምን ልበላቸው፤ ልጆች አሏቸው፣ የማያውቁትን ነገር ፈሩ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እፈራለሁ። ግን የመሃሉ ማሳ ገና አልታረመም፣ ስናሩ ደግሞ እየተመዘዘ ነው፣ መስቀልም እየቀረበ ነው። እኔና አማቴ፣ እሷ በዳሰሳ እኔ በዓይን፣ እየነቀልን ዋልን። ለአማቴ ስናሩንና ጎመኑን መለየት አያስቸግራትም፤ በጣቷ ታውቃለች። ግን ሁለት ሴት ያን ሁሉ ማሳ የት ያደርሱታል።

ጎመኑን መብላታችንን አልተውንም። ሌላ ምን እንብላ? ጠዋት ጠዋት አዴ በደጄ ማለፍ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ከብቶቿን ይዛ በኔ በኩል አትወጣም፣ የሷ መውጫ በወዲያ ነው።

«አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርሽ ነው።

«ደህና ነኝ አዴ።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አሮጊቷስ?»

«እሷማ ከሁላችን ትሻላለች።»

አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። በነጋታው ደግሞ ያንኑ ጥያቄ፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ደግነት መስሎኝ ነበር። አማቴ ናት የገባት። «አንቺ ሞኝ» አለችኝ፣ «ይቺ ሰላም እያለችሽ መሰለሽ? ሞተው ይሆን እያለች ነው!» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በማግስቱ አዴ ስትመጣ እኔ ቀድሜ፣ «አልሞትንም አዴ!» አልኳት።

አዴ ዱላዋን ተደግፋ ቆመች። ልጆቼን አየች። እነሱም አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ይራገጣሉ። ቤት ውስጥ አማቴ ስትሳደብ ይሰማል። አዴ ዞራ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ መሶቧን ይዛ፣ ከኋላዋ ሌሎቹን አስከትላ መጣች። መሃል ማሳው ላይ ስትደርስ ዞረችና ለሴቶቹ እንዲህ አለቻቸው፤ «እነሱ ስንት ቀን በሉ፣ ይኸው እንደ ፍየል ይዘላሉ። እኛ ለምን እንራባለን? ስናሩን እየነቀላችሁ ግቡ፤ አንዷ ባዶ እጇን ስትወጣ ባያት ወየውላት!»

ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ፣ የተነቀለውንም ስናር አልረሳውም። ወገቤን ይዤ ቀና ባልኩ ቁጥር ማሳው ይሰፋልኛል። መስከረም ሲጠባ ጎመን ዘሩ ከሰው ቁመት አለፈ፣ ከዚያም አበበ። ሲያብብ ቢጫ ነው፣ ከመንገዱ እስከ ዳገቱ ድረስ ቢጫ። ከናዝሬት የሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን በመስኮት ያወጣ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ዋርሳዬም ሥራውን ትቶ መጣ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም፤ ሻሼን አስራለሁ፣ እፈታለሁ። አዴ እዚያው ማሳው ዳር ሣር እያጨደች ነው፣ ማንንም ያላየች መስላ።

ሊቀመንበሩ ከላይ ጀመረ። «ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ዋርሳዬ መጣ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ፓምፑን ሳላጥብ ሳሙና ረጨሁበት።»

«ሳሙና?»

«ሳሙና ያጥበዋል ብዬ።»

ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹ መሬቱን አዩ። «ለፓምፑ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» ብሎ ጎመን ዘሩ ውስጥ ገባ። ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየን፤ ወዲህ ሲል ወዲያ ሲል፣ ጎንበስ ሲል ጠፍቶ፣ ቀና ሲል ብቅ ብሎ። ልቤ ከሱ ጋር ጎንበስ ቀና ይላል። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ያ ካኪ ኮት በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል፣ በእጁ ግን አንድ ስናር ይዟል። ዛላውን የዘረጋ፣ ረዥም፣ ማንም የማይሳሳተው ስናር።

ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

አዴ ማጭዷን ሳታስቀምጥ፣ ቀና ሳትል፣ «እሱን ለዘር ነው የተውነው» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሊቀመንበሩ ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ስናሩን ሰብሮ ጣለና፣ «በዚህ ሁሉ ማሳ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት» አለ። «ሽግሽጉ ውስጥ አትገቢም። ለከርሞ ስንዴ ትዘሪያለሽ።»

«እዘራለሁ» አልኩ።

ወደሚቀጥለው ማሳ ሄዱ። ዋርሳዬ ከኋላቸው ተከተለ፣ ስለ ፓምፑ ሊለምን መሰለኝ። እኔ ድንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አማቴ ከቤት ሆና፣ «ምን አሉሽ? ምን አሉ?» እያለች ትጣራለች። አዴ ናት ቀና ብላ በኔ ፋንታ የጮኸችላት፣ «ላፍቲ ኬቲ!» ብላ። መሬቱ ያንቺ ነው ማለት ነው። አማቴ ኦሮምኛ ከኔ ይልቅ ታውቃለች።

ይህን ሰምታ፣ «እንግዲያው እዚያ ምን ትጎለታላችሁ፣ ኑ ምሳ ብሉ!» አለች።

ሄደን በላን። ከበላሁ በኋላ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከብት ሳይገባ፣ ውሃ ሳይቀዳ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀን ተኝቼ አላውቅም ነበር። ማንም አልቀሰቀሰኝም።